ብረት ላይ የተቀመጠ ሞተር

አባትሽ በምን ሞተ ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ «በአጥንት በሽታ» እላለሁ። ሐኪሞቹ ያሉት እሱን ነው። ወንድሜን የጠየቀ ሰው ግን መልስ አያገኝም፤ ተነስቶ ይወጣበታል። እሱ ዝም ባለ ቁጥር ሰፈሩ የራሱን ይጨምርበታል። «መኪናዋ ናት የገደለችው» የሚሉ አሉ። «ልጁ ነው እንጂ» የሚሉም አሉ። እኔ አፈ ክፉ ነኝ ይባላል፤ ውሸት አይደለም። ስለዚህ ዝምታውን ለወንድሜ ትቼ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ወንድሜ ወልቂጤ ላይ፣ ከጅማው መንገድ ዳር፣ ጋራዥ አለው። ጋራዥ ስል የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ጉድጓድና አንድ ክሪክ ማለቴ ነው። አባታችን ደግሞ ዕድሜውን በጭነት መኪና ከአዲስ አበባ ጅማ ሲመላለስ የጨረሰ ሾፌር ነበር። ዓይኑ ሲደክም መሪውን ተወ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ይመጣና ጋራዡ በር ላይ በአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይነቅፋል።

«ይኼ ሰውዬ ፍሪሲዮኑን ሊበላው ነው።»

«ያ ደግሞ አንዱ ካንዴላው ሞቷል፤ እሳት አይሰጥም። አይሰማውም እንዴ? ጆሮውን ጅማ ጥሎት ነው የመጣው?»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበር። ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም። እናቴ እንሰት ስትፍቅ ከማገዝ ከወንድሜ ጋር ቁልፍ ማቀበል ይሻለኛል ብዬ ጋራዡ ውስጥ ስንጎራደድ እውል ነበር። ያገሩ ሴት ሁሉ ታማኛለች፤ ትማኝ።

መኪናዋ የመጣችው ከጊቤ ቁልቁለት ነው። ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት፤ ጌታዋ ገልብጧት፣ እሱ ተርፎ እሷን ትቷት ሄደ። ወንድሜ በካሚዮን አስጭኖ አመጣትና ክረምት ከበጋ ይቀጠቅጣት ጀመር። የወልቂጤ ሰው ሥራ ሲፈታ መጥቶ ያሾፍበታል።

«አንተ፣ ይቺን ከምታድን ሚስት አግብተህ ብትወልድ አይቀልህም?»

ወንድሜ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ፣ «ሚስት መለዋወጫ የላትም» ይላል።

«የዚችስ መለዋወጫ የታል?» እለዋለሁ እኔ። «ቁልፍ አቀብዪኝ» ይለኛል።

አባቴ ግን አንድ ቀንም አላሾፈባትም። በመስቀል ወደ ቸሃ፣ ወደ ተወለደበት ሰፈር ስንገባ ሌላ ወሬ አልነበረውም። መስቀል ለእኛ ሰው ምን እንደሆነ ለጉራጌ አይነገርም፤ ለሌላው ልናገር። ሥራ ፍለጋ የወጣ ሁሉ፣ ሊስትሮውም ባለሱቁም፣ በመስቀል አገሩ ይገባል። ያልገባ ሰው ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ያን ዓመት አባቴ ክትፎው ቀርቦ ሽማግሌዎች እየመረቁ ሳለ ብድግ አለና፣ «ለሚመጣው መስቀል በልጄ መኪና ነው የምገባው። በጀፎረው ላይ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ» አለ። ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ፤ ቤቱ ሁሉ «አሜን» አለ። ጀፎረው በሰፈራችን መሐል የሚያልፈው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። የሚመጣ ሰው በዚያ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። አባቴ መታየት ፈልጎ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ በመስቀል ማዕድ ላይ፣ በምርቃት መካከል ከተባለ በኋላ አይመለስም።

ከዚያ መስቀል በኋላ መኪናዋ ተነሳች። ስትነሳም ሌላ ችግሯ ታየ። ሞተር እንዲሁ በሻንሲው ብረት ላይ አይቀመጥም፤ መንቀጥቀጡን የሚውጡ ጎማዎች ከሥሩ አሉት። የእሷ ጎማዎች ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ወንድሜ ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ከቦታው ዘለል ይላል፤ ማርሹም ከእጁ ያመልጣል። ወንድሜ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ፈረንጆችና የትልልቅ ሰዎች ልጆች የሚሽቀዳደሩበት ውድድር ልቡን ሰቅሎት ነበር። እዚያ በሚዘል ሞተር አይገባም።

«ጎማ ለሰነፍ ነው» አለ አባቴ ከበሩ። «ብረት አድርግላት። እኔ ጊቤ ላይ ጎማው ሲያልቅብኝ ግንድ ወትፌ ጅማ ገብቻለሁ።»

«ብረት ቢሆን ይሻላል» አለ ወንድሜ፤ ይኼን የሚለው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። «ሞተሩና ሻንሲው አንድ ይሆናሉ። ነዳጅ ስረግጥ ያን ጊዜውን ትሄዳለች።»

አዲስ አበባ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ሞልቷል። አባቴ ግን ብረት የሚያስቆርጠው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው፤ ቡታጅራ፣ የድሮ ረዳቱ ጋ። ሰውየው የመስቃን እስላም ነው፤ ረዳትነቱን ትቶ ቶርኖ ገዝቶ የወፍጮ ዕቃ ይሠራል። ከወልቂጤ ቡታጅራ ቀጥታ የመኪና መንገድ ስላልነበረ በዓለም ገና ዞርን። ወንድሜ ይነዳል፤ አባቴ ከጎኑ፤ እኔ ከኋላ፣ ለሰው ሳይሆን ለቦርሳ በተሠራው ቦታ ላይ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ።

«አሰላሙ ዓለይኩም!» አለ ባለቶርኖው እጁን በሽርጡ እየጠረገ። «ሞቱ ሲሉኝ የከረሙት ሰውዬ በስፖርት መኪና መጡ?»

«ዓለይኩም ሰላም። የሞትኩትማ ያኔ ነው፤ ፍሬን እንድታይ ልኬህ ተኝተህ ያገኘሁህ ጊዜ።»

«እስከ ዛሬ ይቺን አልረሷትም!»

ጎማዎቹን ፈትቶ በእጁ መዘናቸውና ሳቀ። «ወላሂ ይኼ ጎማ አይደለም፤ የከረመ ቆጮ ነው። ብረት ካረግንላት ግን አንድ ነገር ልንገርህ» አለ ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ «ትናገራለች።»

«ማን?»

«መኪናዋ ናታ። እስከ ዛሬ ዋጥ ያረገችውን ሁሉ ትነግርሃለች። በእግርህ፣ በእጅህ፣ በጥርስህ።»

«ትናገር» አለ ወንድሜ። አባቴም «ትናገር!» አለ።

ቶርኖው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ብረቶቹ እንደ ብር እያበሩ ወጡ። እንዲገቡ ተብሎ የሞተሩ መቀመጫ ተቆረጠና በአዲስ መልክ ተበየደ። የተነሱትን ጎማዎች መንገድ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ ለተረከዝ ይሆኑኛል ብሎ ለመናቸው፤ ወንድሜ ወረወረለት። ማን ይፈልጋቸዋል?

ስንመለስ መኪናዋ በእርግጥ ተናገረች። መሪው በወንድሜ እጅ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ስፖኪዮው ውስጥ ፊቴን ሳየው ሁለት አፍንጫ አለኝ። መናገር ስንሞክር ቃላችን ይቆራረጣል። አባቴ እንደ ልጅ ሳቀ። «ይ-ይ-ይኼ ነው መኪና!» አለ። ነዳጅ ሲረገጥ ከወንበሩ ጋር ታጥቀን የተወረወርን ያህል ወደፊት እንሄዳለን። እኔም ጮህኩ። አልክደውም፤ ከዚያ ቀን በላይ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ከዚህ ከተማ መውጣት እንዲህ ከሆነ ነገውኑ ልውጣ ብዬ ነበር።

ወልቂጤ ስንደርስ አባቴ ወርዶ ወገቡን ያዘ።

«ምነው አባባ?» አለ ወንድሜ።

«ምንም። የተቀመጥኩበት ደንዝዞ ነው።»

ወንድሜ ከዚያ ሁሉ ደስታ ይዞ የቀረው ይቺን ቃል ብቻ ነው።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ ከአልጋ መነሳት አቃተው። አታት ሆስፒታል አስገባነው። እዚያ ሰነበተና መስከረም እንደጠባ አንዲት ፈረንጅ ሲስተር እኔንና ወንድሜን ወደ ውጭ ጠርታ በተሰባበረ አማርኛ፣ ግን በማያሻማ ቃል ነገረችን። ነቀርሳ ነው፤ የጀርባውን አጥንት እየበላው ነው፤ ከእንግዲህ ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የሚደረግ ነገር የለም።

«ለበዓላችሁ ቤት ውሰዱት» አለች። «ግን ቀስ፣ በጣም ቀስ። መንቀጥቀጥ አይችልም።»

ወንድሜን አየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

በዚያው ቀን ወልቂጤ ተመልሶ ሞተሩን ማውረድ ጀመረ። ቡታጅራ ሰው ላክን፤ ጎማዎቹ ተከርክመው የሰው ተረከዝ ሆነው እየተራመዱ ነው። አዲስ አበባ አስጠየቅን፤ ዕቃው ከጣሊያን በመርከብ ይመጣል፣ ከበዓል በኋላ ነው ተባልን። የካሚዮን ጎማ ቆርጦ ሞከረ። መቀመጫው ለብረቱ ተብሎ ስለተቆረጠ ከፍታው አልገጥም አለ፤ ሞተሩ ሰመጠና ቬንትሌተሩ ራዲያተሩን ሊበላው ደረሰ። እናቴ ወደ ቸሃ ቀድማ ልትሄድ ዕቃዋን እየጠቀለለች፣ «ቃጫ ጎዝጉዝበት፤ ቃጫ ሁሉን ይችላል» አለችው። እንሰት ለሁሉ ነገር መድኃኒት ናት ብላ ታምናለች። ቃጫውንም ሞከረ። ሞተሩ ሲግል ጨሰ። ስለዚህ ብረቶቹን መለሳቸው፤ በቦታቸው ሌላ የሚገባላት ነገር አልነበረም።

«ላንድሮቨር ለምነን እንውሰደው» አልኩት።

አባቴን አልጋው ላይ ጠየቅነው። ዓይኑን አልገለጠም። «በልጄ መኪና ነው ያልኩት።»

«ሰፈሩ ቃሬዛ ይዞ ቢመጣስ? በትከሻ ከሆነ አይንቀጠቀጥም» አለ ወንድሜ።

«በቃሬዛ የሚሸከሙኝ አንድ ቀን አለ። ያንን ቀን አሁን አታባክኑብኝ።»

እኔ «አባባ፣ ትጮሃለህ» አልኩት። እንዲህ ነኝ።

«ልጩህ» አለኝ።

በዋዜማው ወሰድነው። ወንድሜ ወንበሩን ፈትቶ ከሥሩ ፍራሽ፣ ከፍራሹ ሥር ቃጫ የሞላ ጆንያ አድርጎበታል። አባቴን እንደ ዕንቁላል አስቀመጥነው። ሞተሩ ሲነሳ የሆስፒታሉ በር ላይ የነበሩ ሰዎች በሙሉ ዞር አሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው የአባቴን ማጅራትና በሩን የጨበጠውን እጁን ነው። ማጅራቱ ላብ አወጣ። ጣቶቹ ደም የሌላቸው መሰሉ። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲነቅፍ የኖረ ሰው አንድ ቃል አልወጣውም። ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከአንድ ዳገት አናት ላይ ወንድሜ አቆመ። መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ።

«አባባ፣ እኔ አልችልም።»

«አንተ ምን ሆነህ ነው የማትችለው?» አለ አባቴ በቀጭን ድምፅ። «የታመምኩት እኔ ነኝ።»

ቀጥሎ አባቴ፣ «አጥፋትና ፎሌ አርጋት። ከዚህ ቁልቁል ነው» አለ።

ወንድሜ ሞተሩን አጠፋ፤ ማርሹን ነፃ፣ ፎሌ አድርጎ ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናዋ ብቻዋን መውረድ ጀመረች። ድምፅ የለም፤ ነፋሱና ከጎማው ሥር የሚንከባለል ጠጠር ብቻ። አደይ አበባው በሁለቱም በኩል ቢጫ ሆኖ ያልፋል። አባቴ እጁን ከበሩ ላይ አነሳ።

«ይቺን ኩርባ አያችሁ? አሸዋ የደፋሁባት እኔ ነኝ» አለ። እውነቱን ነው። ይኼን መንገድ ያገሬው ሰው አዋጥቶና ቆፍሮ ነው ያወጣው፤ አባቴም እሑድ እሑድ በጭነት መኪናው አሸዋ በነፃ ያመላልስላቸው ነበር። «ያኔ ሾፌር ስለሆንኩ ድንጋይ አልተሸከምኩም። ሐሜቱ እስከ ዛሬ አለ።» ሳቀ። ሳቁ ወገቡን ወጋውና አቆመ።

ቁልቁለቱ ድልድይ ላይ አለቀ። ከፊታችን ዳገት ነው። ወንድሜ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ማዞር ግን አቃተው።

መንገዱ በሰው ሞልቶ ነበር። መስቀል ሊውሉ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ አዲስ ጃኬት የለበሱ፣ ትራንዚስተር ሬዲዮ ያንጠለጠሉ፣ ለእናታቸው ጋቢ የያዙ። የሰፈራችን ሰዎችም ነበሩበት። አባቴን አይተው ከበቡን። ነገሩን ስነግራቸው አንዱ ወዲያው ለቃሬዛ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ዞረ። አባቴ በመስኮቱ፣ «ተው! ተው ብያለሁ!» አለ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲተያይ ተናደድኩ።

«ምን ታያላችሁ? ግፉ!» አልኩ።

«እኔ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሁት መኪና ልገፋ ነው?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«አውቶቡሱንስ እየገፋህ አይደል የመጣኸው?» አለው ጓደኛው። ሳቁ። ሻንጣቸውን ለሴቶቹ ሰጥተው ጃኬታቸውን አወለቁና ገቡባት። ከመንገድ ዳር ካለ ቤት የቃጫ ገመድ ወጣ፤ ከፊት አሰሩት። እኩሌታው ይስባል፣ እኩሌታው ይገፋል።

«ውረድ» አለው አባቴ ለወንድሜ። «መሪውን ስጠኝ።»

አቅፈን ወደ ሾፌሩ ቦታ አሻገርነው፤ ወንድሜ ወርዶ ከመስኮቱ ጎን እየተራመደ ሄደ። አባቴ መሪውን ከያዘ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። «ከግራ ያላችሁ፣ ደክሟችኋል! ቀኝ፣ ቀስ! ጉድጓድ አለ፣ እኔ አውቀዋለሁ!» ዓይኑ ብዙም አያይም፤ መንገዱን ግን በልቡ ያውቀዋል። እንዲህ እያልን፣ እያረፍን፣ ዳገት ስንጨርስ ፎሌ እየወረድን ሰፈራችን ደረስን።

ጀፎረው ላይ ገባን። ሣሩ የጎማውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ሴቶቹ እልል ማለት ጀመሩና ፊቱን ሲያዩ አቋረጡት። እናቴ ከአጥራችን በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ከበሩ ትንሽ ሲቀር አባቴ ፍሬኑን ረገጠ። ሳቢዎቹ ገመዱን ይዘው ወደ ኋላ ተጎተቱ።

«አስነሳት» አለ።

«አባባ፣ ደርሰናል'ኮ። ተው።»

«በመኪና እገባለሁ ነው ያልኩት። በጋሪ አላልኩም።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። ምን ልበለው? አስነሳት በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ቁልፉን አዞረ። ከፊት ያሉት ገመዱን ጥለው ተበተኑ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፤ አባቴም አብሯት። ፊቱ ተጨማደደ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ከዓይኑ እንባ ወረደ፤ ግን እግሩን ነዳጁ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ረገጠው። ድምፁ በጀፎረው ላይ ከዳር እዳር ሄደ። እሱ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ጋራዡ በር ላይ እንደሚያዳምጠው።

«ሁ-ሁ-ሁሉም ይሠራሉ» አለው ለወንድሜ። «አ-አንድም የሞተ ካንዴላ የለም።»

በማርሽ በሩን አልፎ ገባና ራሱ አጠፋት።

መስቀልን ዋለ። ወንበር ላይ ሆኖ ክትፎው ሲቀርብ አንድ ጉርሻ ቀምሷል። ከተሜዎቹ ወደየሥራቸው ሳይበተኑ ሞተ፤ ስለዚህ የገፉት ሁሉ ቀበሩት። በቃሬዛ የተሸከሙት ያን ቀን ብቻ ነው። ልቅሶው ላይ እናቴ የነገረችን ነገር አለ፤ ወገቡን ማታ ማታ በቅቤ የምታሸው ቡታጅራ ከመሄዳችን ብዙ አስቀድሞ ጀምሮ ነበር፤ ለእኛ እንዳትነግረን አስምሏታል። እኔ ሰማሁ። ሰፈሩም ሰማ። ወንድሜ ግን አጠገቧ ተቀምጦ እያለ መስማት አልፈለገም።

ጎማዎቹ ከጣሊያን ዘግይተው መጡ። ወንድሜ መቀመጫውን አስተካክሎ በወልቂጤው ጋራዥ ገጠማቸውና ጠራኝ። እኔ ከጎኑ፣ በአባቴ ቦታ ተቀመጥኩ። አስነሳት። ሞተሩ ይሠራል፤ እሷ ግን ዝም አለች። መሪው አይጮህም፤ ስፖኪዮው ውስጥ ፊቴ አንድ ነው፣ ጥርት ብሎ ይታያል። እንዲህ ሆና ቢሆን ኖሮ አባቴ ከአታት ቸሃ ሲያወራ ሲያሾፍ ይገባ ነበር። ሁለታችንም ያሰብነው እሱን ነው። ወንድሜ አጠፋት።

በማግስቱ ስመጣ ጎማዎቹን አውጥቶ ብረቶቹን መልሷቸዋል።

«አብደሃል?» አልኩት።

«እሱ ያዳመጣት በጎማ ላይ ሆና አይደለም» አለኝ ከሥሯ ሆኖ። ከዚያ ወዲያ ስለ አባቴ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ለውድድሩም አልሄደም። አመሻሽ ላይ ብቻ አስነስቶ በጅማው መንገድ እስከ ዋቤ ድልድይ ደርሶ ይመለሳል። ሰው ከሩቅ ሲሰማት «ያ ልጅ መጣ» ይላል፤ አንዳንዱም ያማትባል። እኔ ይኼን ከተማ ትቼ ልሄድ ነው፤ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ። እስከዚያው ግን ድምፁ ሲመጣ ጋራዡ በር ላይ አሮጌው ጎማ ላይ ቁጭ እላለሁ። ጆሮዬን ዘንበል አድርጌ አዳምጣለሁ። እስከ ዛሬ አንድም የሞተ ካንዴላ አልሰማሁባትም።